ቤት እያለ ሆቴል

የምትወዱት ሰው ወደ ከተማችሁ መጥቶ፣ ቤታችሁ በባጃጅ ትንሽ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ «እኔ የማድረው ሆቴል ነው» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ያለችኝም ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ የምትኖረው ማክሰኝት ነው፤ ከልጇና ከእናታችን ጋር። እናታችን አንድ ወገኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ የምታነሣት፣ የምታጥባት፣ የምታጎርሳት እህቴ ናት። ቀን ቢሮ ውላ ትመለሳለች፤ ሌሊት ደግሞ በየሰዓቱ ተነሥታ እናታችንን ታገላብጣለች። እኔ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ዓባይ ማዶ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ደወለችልኝ። አክስታችን ከገጠር መጥታ እናታችንን ልትጠብቅላት ተስማምታለች። እህቴ ቅዳሜ መጥታ እሑድ ትመለሳለች። ልጇም ሐይቁ ዳር ያለውን የልጆች መጫወቻ በስልክ ፎቶ ካየች ጀምሮ እንቅልፍ ነሥታታለች።

«እሰይ! ክፍሌን አጽድቼ እጠብቃችኋለሁ» አልኋት።

«አይ፣ የምናድረው እዚያው መጫወቻው ግቢ ካለው ሆቴል ነው። ክፍል ይዣለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ቤት እያለ?»

«ቤትህን ጠላሁት አላልሁም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ደክሞኛል፣ ወንድምዓለም።»

ከበስተጀርባ የእናታችን ድምፅ ጠራት፤ ስልኩም ተዘጋ።

እኔ ነገር ከማመዛዘን ወደኋላ አልልም። ተማሪዎቼንም «ከመወሰናችሁ በፊት ጥቅሙን በቀኝ፣ ጉዳቱን በግራ አድርጉ» እላቸዋለሁ፤ ሰሌዳውንም ለሁለት ከፍዬ አሳያቸዋለሁ። ስለዚህ የፈተና ወረቀት እያረምሁ በሰነበትሁበት ሳምንት፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ሆቴል ያደሩ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

ጥቅሙ አይካድም። መጫወቻው በር ላይ ስለሆነ ልጅ አዝሎ ባጃጅ መጋፋት የለም። ልጁ ሲደክመው ወደ ክፍሉ፣ ሲነቃ ወደ መጫወቻው ነው። ጠዋት ከከተማው ሰው በፊት የመዋኛ ገንዳውን የሚያገኘው እዚያ ያደረ ነው። ጉዳቱ ግን ይበዛል አሉኝ። ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ምግቡ ሲታዘዝ ልጁ ይርበዋል፤ ሲመጣ ልጁ ተኝቷል። የሐይቁ ትንኝ ክፍል መርጦ አይገባም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መጫወቻው በመስኮት የሚታየው ልጅ ነው፤ አይበላም፣ አይተኛም፣ «በቃ» የሚል ቃል አይሰማም። ውሎ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ግን አልቅሶም ቢሆን ይረሳዋል።

አመዛዝኜ ስጨርስ ቤቴ አሸነፈች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደከመኝ፤ ምክንያቱም እህቴን ማሳመን የሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜን ከማስተማር ይከብዳል።

ለአከራዬም ነገርኋቸው። እማማ ነው የምላቸው፤ በግቢው ሳያውቁት የሚሆን ነገር ስለማይወዱ ራሴ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው።

«እህትህ ሆቴል? ምን በድለሃት ነው?»

«ምንም፣ እማማ። ልጇ መጫወቻውን ወድዳ...»

«ልጅ ተጫውቶ ይመለሳል። ዘመድ ባለበት አገር ሆቴል የሚያድር ሰው ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ከዘመዱ የተጣላ ነው። የእህትህ የትኛው ነው?»

ነገሩን በምድብ መክፈላቸው እንደ መምህር ደስ አሰኘኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከመናኸሪያ ተቀበልኋቸው። «ሻይ ጠጥታችሁ ትሄዳላችሁ» ብዬ በቀጥታ ወደ ቤቴ ወሰድኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን እዚያው ላስቀራቸው ነበር። እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጉንጯ ገብቷል። ልጅቱ ያዘለችውን ቦርሳ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ «መቼ ነው የምንሄደው?» ትላለች።

እኔም ማብራራት ጀመርሁ።

«አንደኛ፣ ጫጫታው አለ። አንቺ የመጣሽው ልታርፊ ነው። ድምፅ ማጉያ ሥር ማን ያርፋል?»

እህቴ እየሰማችኝ ዓይኗን ከበሩ ጀርባ ወደ ተሰቀሉት ሸሚዞቼ ላከች። ተነሥታ ኮሌታቸውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች።

«ሁለተኛ፣ ምግቡ...»

ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳበች።

«ተዪው እንጂ፣ እታለም!»

«እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል። ሁለተኛ ምን አልህ?»

ቀጠልሁ። ይህን ሳስበው ይገርመኛል፤ ግን ቀጠልሁ። ስለ ትንኙ ስናገር ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ተመልሳለች። ልጅ መጫወቻ በመስኮት ሲታየው እንዴት እንደሚሆን ሳስረዳ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ኮሌታ በሳሙና እያሸች ነበር።

እማማ እንግዳ ሊጠይቁ መጡ። ከሰላምታው በፊት ሳፋውን አዩ።

«ከመኪና አሁን አይደለም እንዴ የወረድሽው?»

«አይ እማማ፣ ትንሽ ናት፤ ለቅለቅ ላድርጋት ብዬ ነው።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ምክንያቶቼን የቆጠርሁባቸው ጣቶቼ አሁንም እንደተዘረጉ ነበሩ። ሰበሰብኋቸው።

«በይ ልጄ፣ እጅሽን ጥረጊ» አሉ ለእህቴ። «ሂጂ ሆቴልሽ። እዚህ ካደርሽ ነገ የእኔንም አንሶላ ታጥቢያለሽ። እኔም ደግሞ አልከለክልሽም።»

እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ሸሚዞቼ ከነአረፋቸው ሳፋው ውስጥ ቀሩ።

እማማ ግን ባዶ እጃችንን አልሸኙንም። ለእንግዳዬ ብለው የሠሩትን ምንቸት አብሽ በምሳ ዕቃ ሞልተው፣ እንጀራውን በጨርቅ ቋጥረው ባጃጁ ውስጥ አስቀመጡልን። «ምን ቢሆን ከእኛ ቤት እህል ሳይቀምስ የሚያድር የለም» አሉ።

የሆቴሉ ዘበኛ ምሳ ዕቃውን አየና እጁን ዘረጋ።

«ምንድን ነው?»

«ምሳ።»

«የውጭ ምግብ አይገባም።»

«እህቴ እዚህ ነው የምታድረው፤ ለእሷ ነው።»

«እዚህ ካደረች ምሳ ምን አስያዛችሁ? ሆስፒታል መሰለህ እንዴ?»

ነገሩ ትክክል ነበር። በእኛ ዘንድ ከቤት ውጭ ለሚያድር ሰው በምሳ ዕቃ ምግብ የሚሄድለት ሲታመም ነው። እማማ ይህን አላሰቡትም፤ እኔም አላሰብሁትም። የሆቴል እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ ስለማናውቅ የምናውቀውን አደረግን።

«ታማለች በለው» አለች እህቴ እየሳቀች።

ዘበኛው ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። «ይግቡ፣ እናቴ» ብሎ በሩን ከፈተ። በዕድሜ እሱ ይበልጣታል።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ባልደረቦቼ ያሉት ሁሉ አለ፤ እንዲያውም ድምፅ ማጉያው ልክ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ከታች ከሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ልጆች በጀርባው ወጥተው በሆዱ ይንሸራተቱና በአፉ በኩል ገንዳው ውስጥ ይተፋቸዋል። ከእሱ ወዲያ በሞተር የሚሽከረከሩ፣ ታንኳ የሚመስሉ መቀመጫዎች አሉ። ከአጥሩ ባሻገር ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል፣ ከደንገሉ ባሻገር ጣና።

«ጎኔን ላሳርፍ» ብላ እህቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። መስኮቱ እንዴት እንደሚዘጋ እያሳየኋት ዘወር ስል ተኝታለች። ዘፈኑ ግድግዳውን ያነቃንቃል፤ እሷ ግን አፏን ከፈት አድርጋ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ስልኳን ከራስጌዋ አንሥቼ፣ ልጅቱን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ጉማሬው አፍ ሥር ቆሜ እንደጠበቅሁ አላውቅም። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ሳምንቱን ሙሉ ያረምሁት ወረቀት ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ሆኗል።

«አጎቴ፣ አንዴ ብቻ!»

«ቅድምም አንዴ ብቻ ብለሽ ነበር። ለመሆኑ እውነተኛው ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ? ሣር በል ቢሆንም...»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ሲሚንቶ ነው።»

«እንኳን ሲሚንቶ ሆነ» ብላ ወደ ደረጃው ሮጠች።

አግዳሚ ወንበር አግኝቼ እንደተቀመጥሁ የእህቴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አክስታችን ናት።

«አንተ ነህ እንዴ? እሷን አቅርብልኝ። እናትህ መድኃኒቱን አልውጥም ብላኛለች። ከእሷ እጅ ካልሆነ አልቀበልም ትላለች።»

«ተኝታለች።»

«በቀን? አሟታል?»

«አላመማትም።»

«ሆቴል ነው የማድረው ስትለኝ ጠርጥሬ ነበር። ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ቀስቅሳት! ሰዓቱ እያለፈ ነው።»

ልጅቱን ለገንዳው ጠባቂ አደራ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። የክፍሉን በር እጀታ ያዝሁ። መድኃኒቱ መዘለል የለበትም፤ ይህ ግልጽ ነው። እህቴ ደግሞ ነገ ወደ ማስታመሙ ትመለሳለች፤ አሁን ከተነሣች ይህችን እንቅልፍ መልሳ አታገኛትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የቱን በቀኝ፣ የቱን በግራ እንደማደርግ ጠፋኝ።

«እስቲ ለእናቴ ስጫት» አልሁ።

እናቴ ከታመመች ወዲህ ቃል በቃል እያረፈች ነው የምትናገር።

«የታለች?»

«ተኝታለች፣ እምዬ።»

«የምን... ዘፈን ነው?»

«የልጆች መጫወቻ ነው። ከመስኮቷ ሥር ነው።»

«በዚህ ውስጥ ተኝታለች?»

«አዎ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ዘፈኑን እያዳመጠች መሰለኝ።

«እንግዲያ... አትቀስቅሳት።»

«መድኃኒቱስ?»

«እውጣለሁ። ማን አልውጥም አለ?»

ከኋላ አክስቴ «ወይ ጉድ! አሁን እኔ ውሸታም ልሆን ነው!» ስትል ሰማሁ። የብርጭቆ ድምፅ ተከተለ። እጀታውን ለቀቅሁት።

እህቴ የነቃችው ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ነው። የትራሱ ጥልፍ ጉንጯ ላይ ታትሞ፣ ወደ በረንዳው ተደናብራ ወጣች።

«መድኃኒቷ!»

«ውጣለች።»

«ማን ሰጣት?»

«አክስቴ። እምዬ ራሷ አትቀስቅሳት አለችኝ።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔም የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈትሁ። ምንቸት አብሹ ቀዝቅዟል። ልጅቱ ዓይኗን ከጉማሬው ሳትነቅል አልበላም አለች፤ በዚህ በኩል ባልደረቦቼ አልዋሹኝም። እኛ ሁለታችን ግን ጠርገን በላነው።

«ጫጫታው እንቅልፍ ይነሣሻል ብዬ ነበር» አልኋት።

«ጫጫታ ነበር?» አለች። «እቤት ጸጥ ያለ ነው። ጸጥ ስለሚል ሁሉም ይሰማኛል፤ አልጋዋ ሲንቋቋ፣ ስታስል፣ ውሃ ስትል። እየሰማሁ ነው የምተኛ። እዚህ ያ ሁሉ ጩኸት አንዱም እኔን አይጠራም» አለችኝ።

ጫጫታውን ያስቀመጥሁት ከጉዳቱ ጎን ነበር።

ሌላው እንዳለ ነው፤ አላፈርሰውም። ለልጅ ብቻ ከሆነ ውሎ መመለስ ይሻላል። ያዘዝነው ሻይ ቀዝቅዞ መጣ፤ ትንኙም መጣ። እሑድ ልጅቱ እስከ ወረታ ስታለቅስ ሄደች አሉ። ግን እኔ ስመዝን የነበረው ሆቴሉን ነው። የሚያድርበትን ሰው ሚዛኑ ላይ አላወጣሁትም።

ያን ምሽት ቤቴ ስገባ እማማ በር ላይ ነበሩ።

«ተኛች?»

«ተኛች፣ እማማ።»

«ምሳውንስ?»

«አልተረፈም።»

«እሰይ» ብለው ምሳ ዕቃቸውን ተቀበሉኝ። ሳፋው እንደተውነው ነው፤ አረፋው ጠፍቷል። ወገቤ እየተቆረጠም ቢሆን ሸሚዞቼን ራሴ አጠብሁ። ትምህርት ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ማክሰኝት ሄጄ እናቴን የምጠብቅ እኔ ነኝ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። እህቴ በዚያ ሳምንት የት እንደምታርፍ ጠይቄያት «አላወቅሁም፣ አስብበታለሁ» ብላለች። አላብራራሁላትም።

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። የደከመው ዘመድ ሊመጣባችሁ ሲል፣ ፍራሹን ከማንጠፋችሁ በፊት «የት ብታድር ይሻልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ቅር ቢላችሁም ምክንያት አትደርድሩ። ምሳ ዕቃውን ግን ላኩለት፤ ዘበኛው ሲጠይቃችሁ የምትሉትን ታውቃላችሁ።