ስሜን ያልነገርኩት የማይክ ነጋዴ

ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት የመዘምራን ልጆች ሆዳን ሰፈር ድረስ እቤቴ መጡ። ፀሐዩ ፊታቸውን አቅልቶት ነበርና በረዶ የገባበት የሎሚ ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ትንሽ እንደቆዩ አንደኛዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ጥንድ ገመድ አልባ ማይኮች ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«እትዬ ፈለቀች፣ እነዚህን ልንገዛ ነው። ርካሽ ናቸው። ግን እርስዎ ሳያዩ እንዳትገዙ ተባልን።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። «ቻናል ይቀይራሉ?» አልኳቸው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ ነገር የማውቅ አልመሰላቸውም መሰለኝ። እኔም ከየት እንደተማርኩት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። ለልጆቹ ያልነገርኩትን እዚህ ልጽፈው ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከወሎ ወደዚህ የባሕር ማዶ ወደብ ከተማ ከመጣሁ ደግሞ አራተኛው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ከአንድ የፈረንሳዮች ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ እሠራ ነበር። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብቻ እራት ከተነሳ በኋላ ማንኪያዎቹን ትቆጥራለች። እዚህ የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ነውና፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ በሩ ላይ ቦርሳዬን እከፍትላታለሁ። ነጠላዬንና የጸሎት መጽሐፌን አየት አድርጋ «ቦን»፣ ደህና፣ ትለኛለች። ሰው ሲጠረጠር ከርሞ ወይ ይለምደዋል፣ ወይ ይማረዋል። እኔ ተማርኩት። ዓሣ ስገዛ ጉንጩን ገልጬ ቅላቱን አያለሁ። ሽንኩርት ስገዛ ከላይ የተደረደረውን ትቼ ከሥር ነው የማነሳው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሚዛን በሚይዝ ሰው ሁሉ ላይ ዓይኔ ቀልቶ ነበር የምኖረው።

ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። አንድ ጊዜ ለእናቴ ልልክላት ሬዲዮ ገዛሁ። ሻጩ የተከፈተውን አንስቶ አዘፈነልኝ፣ ጠቀለለልኝ፣ መረቀኝ። ክፍሌ ስደርስ ሬዲዮው ትንፍሽ አይልም። ሲፈታ ውስጡ ከሌላ አሮጌ ሬዲዮ የተለቃቀመ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሸጊያው የተነካ ዕቃ በእጄ አልገባም።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በዚያ ዘመን የነበራቸው አንድ ባለ ገመድ ማይክ ነበር። ገመዱ በፕላስተር የተጠጋገነ ነው፤ በላበት እጅ ሲይዙት ይነዝራል። ድምጿ የሚያምረው ጓደኛዬ ሰናይት በአንድ በዓል ላይ ነዝሯት፣ ሃሌ ሉያ ማለት ባለባት ቦታ «ዋይ!» ብላ ጮኻለች። በዚህ ጊዜ ለኅዳር ጽዮን ገመድ አልባ ይገዛ ተባለ። በየሰው ቤት ልብስ የሚተኩሱ፣ ልጅ የሚያዝሉ እህቶቻችን ከደመወዛቸው ቀንሰው አዋጡ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ መኮንን ነበሩ። አባታቸው በምድር ባቡር ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸብተዋል። ማን ይግዛ ሲባል እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ፈለቀች ትግዛ። እሷ እንኳን ነጋዴን ጥላዋንም አታምንም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን እንደ ሹመት ቆጠርኩት። ደግሞም ፈራሁ። ራሴ ብታለል የማጣው የራሴን ነው፤ ይኼ ግን የስንት ሴት ልጅ ላብ ነው።

የጥቅምት መጨረሻ ነበር። የበጋው ትኩስ ነፋስ አልፎ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ፋታ መምጣት ጀምሯል። ዓርብ ረፋድ ላይ ከሰናይት ጋር ካርቲየ 6 ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወረድን። ከአንድ የየመኖች ቤት በእሳት የሚጠበስ ዓሣ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ጾም ነንና ሰናይት ምራቋን ዋጥ አድርጋ «ይኼ ደግሞ ፈተና ነው» አለች። እጇን ይዤ አሳለፍኳት።

ሱቁ የአንድ ሸምገል ያለ የመናዊ ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ሰው ሁሉ ዓሚ ሳልም፣ አጎቴ ሳልም፣ ይለዋል። ገና ስንገባ «አቦ፣ ሐበሾች! ግቡ፣ ግቡ!» አለን። የነጋዴ ፈገግታ አልወድም፤ ጥርሱን ሳይሆን እጁን ነው የማየው።

ሁለት ዓይነት ማይክ አወጣ። አንደኛው በፕላስቲክ የታሸገ አዲስ ካርቶን ነው፤ ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደረው ሁሉ እሱ ነው። ሁለተኛው ተከፍቷል። በሳጥኑ ጎን በጥፍር የምትገፋ ትንሽ ማብሪያ ነገር አለችው።

«ይቺን ውሰጂ» አለኝ የተከፈተውን እየገፋ። «ወደብ አጠገብ ያለ የካራኦኬ ቤት ለጥቂት ቀን ይዟት መልሷታል፤ ትልቅ እፈልጋለሁ ብሎ። ዋጋዋን አወርድልሻለሁ። ቻናል ትቀይራለች።»

አንስቼ አሸተትኩት። ሲጋራና መጠጥ ሸተተኝ። መርከበኞች አፋቸውን ለጥፈው ያቅራሩበት ማይክ! እመቤታችን ፊት ልናቆመው! መልሼ አስቀመጥኩት።

«የታሸገውን ነው የምፈልገው።»

«እሱን አትግዢ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ከተማው ሁሉ የገዛው እሱን ነው።»

እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ። ሰው ሁሉ የገዛውን ዕቃ አትግዢ የሚል ነጋዴ የት አለ? አሮጌውን ሊያሸክመኝ ነው። ያ ሬዲዮ ትዝ አለኝ።

«ሰው ሁሉ ከገዛው ጥሩ ነው ማለት ነዋ!» አልኩት።

«ሽታ በጨርቅ ይጠረጋል» አለ ጢሙን እየዳሰሰ። «አየር ግን በምን ይጠረጋል?»

የተምታታ ንግግር የሌባ ነው ብዬ ወደ ካርቶኖቹ ዞርኩ። ካርቶኑን ከላይ ሳይሆን ከታች ሦስተኛውን አስመዘዝኩ። ሁለቱም ማይኮች ውስጥ ባትሪ አስገብቶ ሳጥኑን ከድምጽ ማጉያ ጋር ሰካልኝ። ሰናይትን አንዱን አስይዤ ወደ መንገድ አወጣኋት፤ እስከ ማዶው የጎማ ጠጋኝ ድረስ ሄደች። «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ትላለች፤ ድምጿ ሱቁ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ መዝሙር ልጀምር ስትል ተቆጣኋት፤ ገበያ መሀል ምን የሚሉት መዝሙር ነው?

ዓሚ ሳልም ራሱን ነቀነቀ። «አሁን እኮ ከተማው ዝም ብሏል። ሐሙስ ከሰዓት መጥተሽ ሞክሪው።»

ሐሙስ ሥራ ላይ እንደሆንኩ ገብቶት ነው፣ ጊዜ ገዝቶ ካርቶኑን ሊቀይር ነው አልኩ በልቤ። «አይሆንም፣ አሁን ነው» አልኩት።

ደረሰኝ ሊጽፍልኝ እስክሪብቶ አነሳ። «ስም?»

«ስሜ ለምን ያስፈልግዎታል?»

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ። «እንግዲያው ሐበሻዋ ብዬ ጻፍኩልሽ።»

ስንወጣ ሰናይት ጎኔን ጎሸመችኝ። «ፈለቄ፣ ሰማይ ቤትም ቅዱስ ጴጥሮስን ቁልፉን አሳየኝ ትይዋለሽ አይደል?»

የዚያ ዓመት ኅዳር ጽዮን ሐሙስ ዋለ። ማዳም ፈቀደችልኝ። ቅዳሴው አልቆ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ግቢው በነጠላ ነጣ። ሰናይት አዲሱን ማይክ ይዛ ወጣች። የእመቤታችንን መዝሙር ጀመረች። ገመድ የለ፣ ንዝረት የለ፤ እየተራመደች ትዘምራለች። ድምጿ ያለ ምንም ጭረት ወጣ። ጋሽ መኮንን ከሩቅ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ዕንባዬ መጣ። ያ ነጋዴ አላሸነፈኝም አልኩ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ሰናይት ባትሪ እንዳይበላ ብላ ማይኩን አጠፋችው። በዚያች ቅጽበት ከድምጽ ማጉያው ከበሮ ፈነዳ። እልልታ ተከተለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በሶማልኛ የሰርግ ዘፈን ለቀቀችው፤ ግቢው ሙሉ!

አንዳንዱ አማተበ። አንዲት እናት «ገብቶበታል፣ ገብቶበታል!» እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሰናይት ደንግጣ መልሳ ስታበራው ዘፈኑ ተቆረጠ። ስታጠፋው ተመለሰ። ጋሽ መኮንን እየሮጡ መጥተው ማይኩን ከእጇ ነጠቁ፤ የጠፋ መስሏቸው አፋቸው ላይ እንደያዙት ጮኹ፦

«ወይ ፈለቀች! ምን ጉድ ነው የገዛሽልን?»

ቃላቸው በድምጽ ማጉያ ወጣ። ግቢው በሙሉ ወደኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የቀሩትን መዝሙሮች ሰናይት ያለ ማይክ፣ ጉሮሮዋ እስኪሻክር ዘመረች። እኔ ከግንቡ ሥር ቆሜ አንድም አልሰማሁም፤ ለነጋዴው የምለውን ነበር የምደረድረው። አውቆ ነው። ሦስተኛውን ካርቶን እንደምመዝ አውቆ እዚያ ያስቀመጠው ነው። ጥርጣሬ ከያዘ እንዲህ ያለውንም ያሳምናል።

በማግሥቱ ዓርብ ካርቶኑን ታቅፌ ከሰናይት ጋር ካርቲየ 6 ደረስኩ። የምናገረውን በቃሌ ይዣለሁ። ዓሚ ሳልም በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ተነስቶ ቆመ።

«ነይ፣ ፈለቀች!»

እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ስሜን ማን ነገረው? ወደ ሰናይት ዞርኩ።

«በዚች ማተቤ እኔ አይደለሁም!» አለች ክሯን ይዛ።

ሰውዬው ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ነገርኩሽ አይደል አየር አይጠረግም ብዬ! ትናንት ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጀርባ ካለው አዳራሽ የእህቴን ልጅ ለአንድ ሶማሌ ዳርን። ማይኩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ያንኑ፣ አንቺ የገዛሽውን። የኛዋ ዘፋኝ ገና ሳትይዘው የናንተ ልጅ በኛ ድምጽ ማጉያ መዝፈን ጀመረች።»

«መዘመር» አልኩት።

«ይሁን፣ መዘመር። ልጆቹ ሊነቅሉት ሲሮጡ እናቴ ዱላዋን አነሳች። አርጅታለች፤ ድሬዳዋን ካየች ብዙ ዘመኗ ነው። ‹ተዉአት! መርየምን ነው የምትጠራው፣ ትጨርስ› አለች። ሙሽራዋም ቆመች፣ ከበሮውም ቆመ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ዘፋኟ ተቀበለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በማጉያው መጣ፦ ‹ወይ ፈለቀች! ምን ጉድ ነው የገዛሽልን?› ያቺ ስሟን የደበቀችኝ ናት ብዬ ከወንበሬ ልወድቅ!»

ሰናይት በሳቅ የሱቁን በር ተደገፈች። እኔ በቃሌ የያዝኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሆኖም እጄን ለመስጠት አልፈለግሁም።

«ታዲያ ይኼን እያወቁ ለምን ሸጡልኝ?»

«አትግዢ አልኩሽ፣ ሐሙስ ነይ አልኩሽ። ሰርግ ሐሙስ ነው። ከተማው ሁሉ በዚያች ማይክ፣ በአንድ ቻናል ነው የሚዘፍነው፤ ባንዱ የተዘፈነው በሌላው ይወጣል። አንቺ ካርቶኑን አመንሽው እንጂ እኔን መቼ አመንሽኝ?»

ካርቶኑን አቀረብኩለት። ማሸጊያው የተቀደደውን ካርቶን ያለ አንዲት ቃል ተቀብሎ፣ ያችን ሲጋራ የሸተተች ማይክ ሰጠኝ። ቻናሏን እንዴት እንደምገፋ በጥፍሩ አሳየኝ። ለሽታዋ ኮሎኝ ያለበት ጨርቅ ጨመረልኝ። መጨረሻ ላይ ደረሰኙን አውጥቶ «ሐበሻዋ» የሚለውን ሰረዘና ስሜን ጻፈበት፤ ሳይጠይቀኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰናይት «ከካራኦኬ ቤት ነው የመጣችው፣ ጠበል እናስረጫት?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ መኮንን «ኤሌክትሪክ ነው፣ ልጄ፤ ደግሞ ልትነዝረን ነው?» አሉ። ስሜን ጠርተው መጮኻቸውን አስታውሰው አንገታቸውን ደፉ። ያቺ ማይክ ብዙ በዓል አገለገለችን።

ትናንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጆቹን ይዤ ሱቅ ሄድን። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓሚ ሳልም ካረፈ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማርና ሱቁም ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ወደ ሌላ ሱቅ ገባን። ማይኩን አስከፍቼ ቻናሉን አስቀየርኩ፣ ልጆቹን እስከ መንገዱ ማዶ ላክሁ። የሰው ሰርግ አልገባብንም።

ሻጩ ደረሰኝ አወጣ። «ስም?» አለ።

ከልጆቹ ትንሿ ቀልጠፍ አለች። «ስማችን ምን ያደርግልሃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ፤ የት እንደተማረችው ማን ያውቃል፤ ምናልባት የእሷም ማዳም ማንኪያ ትቆጥር ይሆናል። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ።

«ፈለቀች ብለህ ጻፍ» አልኩት ሻጩን። ጻፈ።

ከዚያ መነጽሬን አድርጌ፣ በትክክል መጻፉን አየሁ።