ከቋጠሮው በታች የቆረጥኩት ፖም

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በስልክ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ስጽፈው እጄ ደህና ነው። ልቤም ደህና ነው፤ ምንም አይለኝም። ምንም አለማለቱ ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ሆኜ መሪጌታ ዘንድ ነው፣ ዳዊት ሳልደግም ጥዬ ወጣሁ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ፊደሌ ቢወላገድ እለፈኝ። ሥራዬን ግን አትለፈኝ።

ደምሴ እባላለሁ። ከባዕብዳ ከፍ ብሎ፣ ቤይሩትን ቁልቁል ከሚያይ አንድ ቪላ ናጡር ነኝ። ያኒ፣ ማለቴ፣ በር እጠብቃለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ። ጎልማሳ ሆኜ ገባሁ፣ እዚሁ አረጀሁ። የቤቱን ጌታ ሚስተር እንለዋለን። እናቱን ሁላችንም ተይታ እንላት ነበር፤ በእነሱ አያት ማለት ነው። ግቢው የሚስተር ቢሆንም ፖሞቹ የተይታ ነበሩ።

አገሬ ሳለሁ ፖም አላውቅም። የማውቀው ገብስና ባህር ዛፍ ነው። እዚያ ግቢ ግን ቀዩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ አረንጓዴው ኮምጣጣ አለ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ለስላሳም አለ። ከጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ደግሞ የአባቷ ፖም ነበር። አባቷ ከተራራው መንደራቸው ቅርንጫፍ ቆርጠው አምጥተው፣ ለሠርጓ ብለው በሌላ ግንድ ላይ ያጣበቁላት ነው። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ለዓይን አይሞላም። ሲገመጥ ግን የጽጌረዳ ውሃ ይሸታል። ሌላው አይሸትም።

በየዓመቱ እነሱ መስቀልን ካከበሩ በኋላ ተይታ ዓይኗን በመሐረብ ታስራለች። ከየዛፉ አንድ አንድ ቁራጭ በሳህን ይቀርብላታል። ቀምሳ ስም ትጠራለች። ተሳስታ አታውቅም። የልጅ ልጆቿ ሊያሞኟት ፒር የሚባለውን ለስላሳ ፍሬ ቀላቅለው ሲሰጧት፣ «ይሄን ለአማቴ ስጧት፣ እሷ ጥርስ የላትም» ትላለች፤ አማቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ። በመጨረሻ የአባቷን ስትቀምስ መሐረቡን ሳትፈታ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

አንድ ክረምት፣ በእነሱ የብርዱ ወቅት፣ ያ ዛፍ ታመመ። ግንዱ ተሰነጣጠቀ፣ ትል ገባበት። ሚስተር፣ «አትንካው፣ የሚያውቅ ሰው አመጣለሁ» አለኝ። እኔ ሰው ከእኔ በላይ ሲያውቅ አልወድም። «የምን ሰው ነው» አልኩት፣ «ባህር ዛፍ ቆርጬ ያደግኩ ነኝ። የታመመ ዛፍ ከሥር ይቆረጣል፣ ከጉቶው አዲስ ያቆጠቁጣል፣ ያው ዛፍ ነው።» እሱም ሥራ ይበዛበታልና፣ «ያላ፣ በል እንዳልክ» አለ።

ቆረጥኩት። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ቋጠሮ የመሰለ እብጠት ነበር፤ ደግሞ ይሄ ያስጠላል ብዬ ከእሱም በታች አወረድኩት። ቅርንጫፉን ሁሉ በዚያው ቀን አቃጠልኩት። አመዱን ለጽጌረዳዎቹ በተንኩ። በጸደይ ከጉቶው ቀጥ ያለ፣ ወፍራም ቡቃያ ወጣ። ሚስተር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተይታ ቡቃያውን በጣቷ እየዳሰሰች መረቀችኝ። ደስ አለኝ። እዋሻለሁ? በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ማዳበሪያ ልገዛ ባህሩ ዳር ወዳለው ሰፈር፣ ኻልዴ፣ ወረድኩ። መንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሻይ እየጠጣን ያደረግኩትን በኩራት አወራሁለት።

«ከቋጠሮው በላይ ነው በታች?» አለኝ።

«በታች ነዋ። አሳምሬ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ያ ሐራም፣» አለ፣ ያሳዝናል እንደ ማለት፣ «ቋጠሮው እኮ ሁለቱ ዛፎች የተጣበቁበት ነው። ከላይ ያለውን ፈረስ ጣልከው፣ ከታች ያለውን አህያ አሳደግከው። የሚያፈራው የዱር ነው፣ ለፍየል እንኳ አይሆንም። የድሮው ቅርንጫፍ ቀርቷል?»

«አቃጠልኩት።»

«እናቱ ዛፍ አለች?»

«መንደራቸው አለች ይላሉ።»

«እንግዲያ ምን ቸገረህ፤ ሂዱና አንድ ቅርንጫፍ አምጡ። እኔ አጣብቅልሃለሁ።»

ይኸው ነው። ምን ቸገረህ አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ተመልሼ፣ «ተይታ፣ አጠፋሁ፣ መንደር እንሂድ» ብል ኖሮ በአንድ ጠዋት መንገድ ያልቅ ነበር። ለምን አላልኩም? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ በሚስተር እጅ ስለነበረ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ያጽናናሁበት ጊዜ አለ። ውሸት ነው። ሚስተር በአንድ ዛፍ ሰው አያባርርም። ያላልኩት፣ «ያልኩህን ባትሰማኝ» እንዳይለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በተከታዩ ክረምት ማብቂያ ቤተሰቡ በሌለበት ቀን፣ ከዚያው ግቢ ከቢጫው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ የኻልዴው ሽማግሌ ችግኞቹ ላይ ሲያደርግ እንዳየሁት ቡቃያው ላይ አጣበቅኩት። በጨርቅ አሰርኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ከወፍ ይከለል ብዬ ነው፣ አልኩ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ለዓይን ይቀራረባሉ። ያዘ። አደገ። ዓመታት ሄዱ። በመሐል የቤይሩት ወደብ ፈነዳ፣ የቤቱ መስታወት ሁሉ ረገፈ፣ ተይታን አቧራ ለብሳ ከጠረጴዛ ሥር አወጣናት። ጭረት እንኳ አልነካትም።

በመጨረሻ ያ ዛፍ አፈራ።

ያን ዓመት ተይታን የምትንከባከባት ሰዓዳ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች። መሐረቡን ያሰረችላት እሷ ናት። ፖሙን የቆራረጥኩት እኔ ነኝ። ተይታ ቀዩን አለች፣ አረንጓዴውን አለች፣ ቢጫውን አለች። ከዚያ የመጨረሻውን ሰጠኋት። አኘከች። ቆም አለች።

«ቢጫውን ደገምክልኝ» አለች።

ልጆቹ ሳቁ። ሚስተር፣ «እማማ፣ ይሄ የአባትሽ ነው፣ ከታንከሩ ጋር ያለው» አላት።

«አይደለም። ቢጫው ነው። የአባቴን ስጡኝ።»

መሐረቡን ፈታች። እኔን አየችኝ፤ ልጇን አይደለም፣ እኔን። «ያ ኢብኒ፣ አንተ ንገራቸው።»

ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። «ያው ዛፍ ነው ተይታ» አልኩ። «እኔው ቆርጬ እኔው ያሳደግኩት። አፍሽ ነው የተለወጠው።»

አፍሽ ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ ምላስ ከግቢው ሁሉ ትክክል ስትሆን፣ ያቺን ምላስ በሰው ፊት ውሸታም አደረግኳት።

ሚስተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚስቱ፣ «ከፍንዳታው ወዲህ እኮ ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተይታ የምትለው ሁሉ በዚያ ይለካ ጀመር። መነጽሯን ብታጣ፣ ይኸው። የልጅ ልጇን በአባቱ ስም ብትጠራ፣ ይኸው። እሷ ደግሞ ልትተው አልቻለችም፤ «መንደር ውሰዱኝ፣ እናቱ ዛፍ ከአባቴ ቤት ጓሮ አለች፣ አቀምሳችኋለሁ» ትል ነበር። በሠላሳ ዓመት ያልጠየቀችውን መንደር መጠየቋ ራሱ የበሽታዋ ምልክት ሆነ። ሐኪም መጣ። ኪኒን መጣ። ኪኒኑ ያስተኛታል።

ሰዓዳ አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ ደምሴ፣ ሁለቱንም ቀመስኳቸው» አለችኝ።

«ምኖቹን?»

«ቢጫውንና የታንከሩን። አንድ ናቸው። ተይታ ልክ ናት። እኚህ ሴትዮ ምስሩ ውስጥ ጨው ደግሜ እንደሆነ በአንድ ማንኪያ የሚያውቁ ናቸው፣ ምን አርጅተው ነው የተምታታባቸው?»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፖም ጣዕም ያወቅሽው? አገርሽ ቁልቋል ስትለቅሚ ኖረሽ።»

«ቁልቋልም ቢሆን እሾሁን ከፍሬው እንለያለን፣ ጋሼ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ አልናገርም፣ እሳቸው ብቻ ይስሙ። ሌት ተቀን እየጠየቁኝ ነው፣ አብጃለሁ ወይ እያሉ።»

«ያው ዛፍ ነው።»

«ወላሂ ይበሉ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያ በማርያም ይበሉ።»

በማርያም አልኩ። ሰዓዳ ቅርጫቷን አንስታ ገባች። ከዚያ በኋላ ጋሼ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ተይታን አረጋውያን መጦሪያ ሲያስገቧት ሰዓዳም ሥራ የላትም ተብላ ወደ መክተብ፣ ወዳስቀጠሯት ሰዎች፣ ተመለሰች። ሻንጣዋን እስከ በሩ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አልተሰነባበትንም። የት እንዳለች አላውቅም። ይህን የሚያነብ የሚያውቃት ካለ፣ ልክ ነበርሽ ይበልልኝ።

ተይታ መጦሪያው ውስጥ ሞተች። የቀበርናት ተራራው ላይ፣ መንደሯ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳለ እኔ ወደ አባቷ ቤት ጓሮ ዞርኩ። ጣሪያው ወድቋል። ዛፏ አለች። አርጅታ ግማሹ ደርቋል፣ በቀረው ግማሽ ግን አፍርታለች። አንዱን ገመጥኩ። ሸተተኝ። ከኪሴ ቢላዬን አወጣሁ፣ ቅርንጫፍ ልቆርጥ። ለማን እንደምወስደው ሳስብ ቆየሁና ቢላዬን አጠፍኩ። ደወል ተደወለ፣ ወደ ሰዎቹ ተመለስኩ። አላለቀስኩም። ስለ ጨዋነት አይደለም፤ አልመጣልኝም።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። እስካሁን በዙሪያው ስዞር ነበር እንጂ የመጣሁት እሱን ለመናገር ነው።

ከመሞቷ በፊት በነበረው መስከረም፣ ሚስተር ከዚያ ዛፍ ፖም በቅርጫት ሞልቶ፣ «ያላ፣ ተይታን እንይ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ክፍሏ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው። ከስታለች፣ ግን ዓይኗ ያው ነው። ሚስተር ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ሁለታችን ቀረን። እዚህ ላይ እንኳ መናገር እችል ነበር። ማንም የለም። በሩ ዝግ ነው። እኔ ግን የማደርገውን ሳጣ ፖም ላጥኩ።

ቁራጩን ሰጠኋት። ዓይኗን በገዛ እጇ ሸፈነች፣ መሐረብ ስላልነበረ። ረዘም አድርጋ አኘከች። ቢጫው መሆኑን እንደ ድሮው አውቃለች። ማወቋን ፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ለቀቀ፣ ገመድ እንደሚላላ።

«የአባቴ ነው» አለች።

ልጣጩን ሰበሰብኩ።

«በልጆቼ ፊት ውሸታም አስመሰልኩህ» አለች። «እኔ ነኝ የተምታታብኝ። አርጅቼ ነው። ሳሚሕኒ፣ ያ ኢብኒ።»

ይቅር በለኝ ማለት ነው። እጄን ያዘች። እጄ የፖም ውሃ ነክቶት ይጣበቅ ነበር።

እኔ ከእሷ ልለምነው የሚገባኝን እሷ ከእኔ ለመነችው። እኔስ ምን አልኩ? አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታ አልጠይቅህም። የምጠይቃት አንዲት ሰው ነበረች፣ እሷም ቀድማኝ ጠየቀች። ያልኩትን ብቻ ስማ።

«ማዓሌሽ ተይታ» አልኳት። ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነው።

አመሰገነችኝ። ሌላ ቁራጭ ላጥኩላት።