ሜርል ትራንተር ለመዝገበ ቃላቱ የላከችው ዓረፍተ ነገር

ሜርል ትራንተር ከዳርሊንግ ወንዝ ማዶ በየሸለታ ቤቱ እየዞረች ለበግ ሸላቾች ምግብ በማብሰል ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራለች። ሥራውን ከተወች በኋላ እጇ አላርፍ ሲላት፣ በሬዲዮ የሰማችውን ጥሪ ተከትላ ከተማ ውስጥ ለሚዘጋጅ አንድ መዝገበ ቃላት በነፃ ቃል ለቃሚ ሆነች። ከደረሷት ቃላት ሁሉ የወደደችው «ረን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ሩጫ ማለት ነው ብላ ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ግን የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ የቃሉን ምሳሌዎች በምትጽፍባቸው ካርዶች ተሸፈነ። ወንዝ ሲፈስ ረን ነው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫም ሲወርድ እንዲሁ። የተተረተረ ካልሲ፣ የዶሮዎቹ የሽቦ አጥር፣ በክሪኬት ጨዋታ የሚቆጠረው ነጥብ፣ በጎቹ የሚሰማሩበት ሜዳ ሁሉ ረን ነው። ሱቅ ማስተዳደርም፣ ለምርጫ መወዳደርም። አንዲት ትንፋሽ የማትሞላ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት እንደቻለችው እያሰበች ሻይዋ ይቀዘቅዝባት ነበር።

ለእሷ የሚበልጠው ግን የሸላቾቹ ረን ነው፤ ከደወል እስከ ደወል ያለው የሁለት ሰዓት ሸለታ። በቀን አራት። ሥጋዋን የጠበሰችው፣ ኬኳን የቆረሰችው፣ ዕድሜዋንም የጨረሰችው በዚያ ደወል ነው።

አንድ ቀን ካርዶቿ በሙሉ ተመለሱ። አዘጋጁ በትሕትና እንደጻፈላት፣ ምሳሌው ሰው ጽፎት ከነቀኑ የተገኘ እንጂ ለቃሚው የፈጠረው መሆን የለበትም። ሜርል ደግሞ ሁሉንም ከራሷ አፍ ነበር የጻፈችው። ለሌሎቹ ትርጉሞች አዘጋጆቹ ራሳቸው ከየመጽሐፉ ምሳሌ አግኝተዋል። ለሸላቾቹ ረን ግን በሸላች እጅ የተጻፈ ነገር የለም፤ እስከ ወር መጨረሻ ካልተገኘ ሳይገባ ይታተማል።

ሸላች መቼ ይጽፋል? ሜርል የምታውቀው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለ፣ ባሏ ክሌም ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የተወላት ደብዳቤ። «ሁለተኛው ረን ሳያልቅ መሸለቻ ማሽኑን ሰቅዬ ወጣሁ፤ አትፈልጊኝ» ይላል። ለመንደሩ ግን ሳንባውን ታሞ ሐኪም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ላከው ብላ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በእውነትም እዚያው መሞቱ ሲሰማ ሁሉም አመነ። ፖስታ ቤቱን የያዘችው ደግሞ የክሌም እህት ኦሊቭ ናት፤ በእጇ የሚያልፍ ካርድ ሳይነበብ አይሄድም። አሽጌ ልላከው ብትል፣ የታሸገ ነገር ኦሊቭን ይብስ እንደሚያጓጓት ታውቃለች።

ስታመነታ ሦስት ቀን አደረች። ቃሉ ሳይገባ እንዲቀር ልቧ አልፈቀደም። በአራተኛው ቀን ዓረፍተ ነገሩን «አትፈልጊኝ» የሚለውን ትታ ገለበጠች፤ ቀኑንና የሸለታ ቤቱን ስም ጻፈች። በጸሐፊው ቦታ «አንድ ሸላች» አለች።

በፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ኦሊቭ ካርዱን ተቀብላ፣ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ቀኑ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ክሌም ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታሞ ነው ያልሽኝ።»

«አላመመውም። ትቶኝ ነው የሄደው። አፍሬ ነው።»

ሜርል ስድቡን ጠበቀች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትዘጋጅበት የኖረችው ነው።

«ደወሉ ሳይደወል?» አለች ኦሊቭ። «አባታችን ጣቱ ተቆርጦ እንኳ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ረኑን የጨረሰው። ይሄ ሁለት እጁ ደህና ሆኖ! በጉንስ? ግማሹን ሸልቶ ነው የለቀቀው?»

ሜርል ይህን አስባው አታውቅም። «እንጃ፣ ስለ በጉ አልጻፈም» አለች።

ኦሊቭ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ዓይኗ ቀላ። «እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ ለሳንባው ስጸልይ ኖርኩልሽ፣ አንቺ ውሸታም።»

«አውቃለሁ። አጠገብሽ ነበርኩ።»

ኦሊቭ በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ካርዱን ወደ ሜርል መልሳ ገፋችው። «‹አንድ ሸላች› ምንድን ነው? አንዱ ላጠፋው ሸላች ሁሉ ሊሰደብ ነው? ስሙን ጻፊ።»

ሜርል በባንኮኒው እስክሪብቶ «አንድ ሸላች» የሚለውን ሰርዛ፣ ክሌመንት አርተር ትራንተር ብላ ሙሉ ስሙን ጻፈች። ይህን ስም ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈችው መቼ እንደሆነ ትዝ አላላትም። ኦሊቭ ማኅተሟን መታች፤ የፖስታው ከረጢት ውስጥ ከመክተቷ በፊትም አንዴ ደግማ አነበበችው።