በሌለሁበት የተስማማሁበት ኪቦርድ

ያልተስማማሁበትን ተስማምቷል ብለው አዲስ አበባ ላኩት። በደሉ ይኸው ነው።

አሰላ፣ የምሠራበት የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ኮምፒዩተር ነበረች። እሷን የምንነካካ ሰዎች፣ ከሆስፒታልም ከትምህርት ቤትም የሚመጡ ተጨምረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰብ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የአማርኛውን ፊደል በመሰለው ቁልፍ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ እኔ የጻፍኩት ናዝሬት ሲከፈት ምስቅልቅሉ ይወጣል። አዲስ አበባ ያሉት የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ማንም የእኔ ብቻ የማይለው አንድ የጋራ አደራደር ለማውጣት ከየከተማው ሐሳብ ይሰበስባሉ።

እኔ ታይፒስት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት የመጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። እጄ የሚያውቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብቻ ነው። ሰብሳቢያችን፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሒሳብ ሹም፣ ፊደሉ በእንግሊዝኛው ድምፅ ይደርደር አለ። ለ«ለ» ኤልን፣ ለ«መ» ኤምን መምታት። እኔ ደግሞ የእንግሊዝ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህ ከጸደቀ ወደ ዱላዬና ወደ መጋዘኑ ተመላሽ ነኝ። አይሆንም አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበሌው ለእርከን ሥራ አወጣኝ። ዶማ ይዤ ዳገት ላይ ሳለሁ ወሰኑ። ሰኞ ስገባ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣ ሄዷልም» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልነበርኩም እኮ!»

«የቀረ እንደተስማማ ይቆጠራል። በቀበሌያችሁስ እንዲህ አይደል?»

ኮምፒዩተሯ ላይ ልትሠራ የመጣችው የሆስፒታሏ ሲስተር ሳቀች። «ጃርሳ፣ አንቱ ሽማግሌ፣ እንግሊዝኛውንም ይማሩዋ! አማርኛውንስ በሽበት አይደል የተማሩት?»

«አንቺ መርፌሽን ያዢ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። ከቢሮ ገበያ፣ ከገበያ ቢሮ። ሚስቴ «ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» ትለኛለች። መቆምም ሲያቅተኝ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ናዝሬት ወረድኩ። እዚያም እንደኛው የሚሰበሰቡ ስላሉ፣ ታይፒስቶቻቸው ምን እንዳሉ ልጠይቅ ነው። ሴቶች ናቸው። ታላቃቸው ነገሬን ሰምታ ጭኗን መታች።

«ወንድም ዓለም፣ እኛንም አስማምተውናል! ያን ቀን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበርን።»

እነሱ ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም።

አብረን አዲስ አበባ ሄድን። የተጠቃሚዎቹ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ተስማማ የተባልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ፤ አልተስማማሁም» አልኩ። ሴቶቹም ተነሡ። ፊደሉ ማሽኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቁልፉን ግን በጽሕፈት መኪናው መንገድ የለመደም በዚያው ይምታ አልን። እናስብበት አሉን።

እነሱ ሲያስቡ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የአዲስ አበባ መኪና አሰላ ገብቶ በቆመ ቁጥር፣ ውሳኔው መጣ ብዬ መስኮት ላይ ነኝ። ሰብሳቢው ያየኛል፤ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል።

በመጨረሻ ሁለቱም አደራደር ይግባ ተባለ። ሰብሳቢው ውሳኔውን አንብቦ ሲጨርስ ኮምፒዩተሯን ራሱ ከፈተልኝ። ይቅርታ ግን አላለም፣ ሲስተርም አላለችም። ተቀምጬ መታሁ።

ነገሩ ያለቀው ሰኔ 13 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው።