የቀበሌያችን ዞጲ

በደርግ ጊዜ ጎፋ ሰፈር ውስጥ ያልታቀደ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የመጣ ችግኝ ታቅፎ ስብሰባ ጠራን። ዞጲ ነው አለን፤ ያ ልቡ ጥቁር፣ እንደ ብረት የሚከብደው እንጨት። "ሰፊው ሕዝብም እንደዚሁ ጠንካራ ነው!" ብሎ ቀበሌው በር ላይ ተከለው። እኛም አጨበጨብን። ያኔ የማይጨበጨብለት ነገር ነበር እንዴ?

ችግኙ ሙቀትና ዝናብ ነው የለመደው፤ የጎፋን ብርድ ማን ነግሮት! በየተራ ጠብቁት ተባልን። በተራው የደረቀበት ሰው አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ የተባለ ደግሞ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

የኅዳር ውርጭ በባለቤቴ ተራ ወረደ። ማለዳ ቁርስ ይዤለት ስሄድ ዞጲው ጠውልጎ፣ ከስሎ ቀርቷል። ባለቤቴ ጋቢውን አልብሶት ኖሯል፣ የኔ ሞኝ! ራሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። "በቃ፣ አለቀልኝ" አለኝ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ ለአንድ እንጨት ብዬ ባሌን ልቅበር? ሰው ሳይነሳ ከጓሯችን የባሕር ዛፍ ችግኝ ነቅዬ አመጣሁና ቦታው ላይ ተከልኩት። ምን ላድርግ፣ በጓሯችን ያለው ችግኝ እሱ ብቻ ነው።

ጎፋ ውስጥ ባሕር ዛፍ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ሁሉም አየ፣ ማንም አልተነፈሰም። ቀድሞ የተናገረ ሰው "ታዲያ ዋናው የት ሄደ?" ተብሎ ይጠየቃላ! ተረኞቹ ውሃ ያጠጣሉ፣ እሱ ይመዘዛል። በሁለተኛው ክረምት የቀበሌውን ጣሪያ አለፈ። ከበላይ አካል እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ "ዞጲያችን ከዕቅድ በላይ አድጓል!" ይላል፤ እናጨበጭባለን። ባለቤቴ ግን በተጨበጨበ ቁጥር ይከሳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ።

አንድ ጠዋት የአብዮት ጥበቃው በራችንን አንኳኳ። "ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል።" ባለቤቴ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጠኝ። እኔም ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኩት፤ ከወሰዱትም አብረው ይውሰዱን።

ሊቀመንበሩ ቢሮው ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አፍንጫው ቀልቷል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ጥበቃውን አስወጣና በሩን አስዘጋን።

"ጓድ" አለው ባለቤቴን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "ይሄ ጉንፋን ሊገድለኝ ነው። ከዞጲው ላይ ትንሽ ቅጠል ቀንጥስልኝ፣ ልታጠንበት።"

ባለቤቴ ወጥቶ ቅጠሉን ቀነጠሰለት። እኛ ሊቀመንበሩን ስንፈራ፣ ለካ እሱም የኛን አፍ ሲፈራ ነው የከረመው።