ለዕጩው የቆሙት ዋስ

ኪዳን ማድረስ።
በሬዎቹን ውኃ ማጠጣት።
የቃሬዛውን ጠፍር መፈተሽ።
የተጣላ ካለ ማስታረቅ።
የታመመ ካለ ሸካሚ መጥራት።
የሞተ ካለ ጡሩንባ ማስነፋት።
ከመኝታ በፊት የዕለቱን ዳዊት መድገም።

አያ ይሻው ከገሳይ በታች፣ ጥቁር ውኃ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ባለች መንደር የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። መኪና በማይደርስበት አገር ሕመምተኛም ሆነ ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በሰው ትከሻ ነው። ማን መቼ እንደሚሸከም የሚያዝዘው፣ የቀረውንም የሚቀጣው ዳኛው ነው። በበጋ ይህ ሥራ አይከብድም። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ ቃሬዛው ከዳር ይቆማል፤ ሸካሚና ሕመምተኛ ውኃው እስኪጎድል አብረው ይጠብቃሉ።

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደረጄ የሚባል ዕጩ ለምክር ቤት ሊወዳደር ወደ መንደሪቱ መጣ። ደብረ ታቦር ያደገ መሐንዲስ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ከወይራው ሥር ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ «ብትመርጡኝ ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ በጥቁር ውኃ ላይ ድልድይ ይሠራል» አለ። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል፣ ባሏ የሞተባት አሰለፈች ከኋላ ተነሣች። መንደሩ ምላሷን ይፈራዋል።

«ዋስህ ማን ነው?» አለችው።

«ለምኑ?»

«ለድልድዩ ነዋ! እኔ ከዚህ ከባዩ አንዲት በግ በዱቤ ብወስድ ዋስ ጥሪ ይለኛል። አንተ አምስት ዓመት ልትወስድ መጥተህ ያለ ዋስ ልትሄድ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደረጄም ሳቀ። «እሺ እናቴ፤ ዋስ እጠራለሁ። ለእኔ ዋስ የሚሆን አለ?» ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ።

አያ ይሻው ብድግ አሉ። «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

ሳቁ ወዲያው ጸጥ አለ። በዚያ አገር በሸንጎ መካከል ቆሞ «ዋስ ነኝ» ያለ ሰው ቃሉን በቀልድ ተናገርሁ ብሎ ሊያነሣው አይችልም።

ማታ ሚስታቸው ጽጌ፣ «አንቱ፣ አባቱን ለማያውቁት ሰው ዋስ ይሆናሉ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ካላመንሁት ለምን ልመርጠው እሄዳለሁ?» ብለው መለሱ።

የምርጫው ዕለት፣ ሰኔ አሥራ አራት፣ አያ ይሻው የማኅበሩን ቃሬዛ አስወጡ። ዓይናቸው የጠፋውንና ጉልበታቸው የደከመውን መምሬ ገብረየሱስን አሸክመው ወደ ምርጫ ጣቢያ ወሰዱ።

«ቀስ በሉ እንጂ!» አሉ መምሬ ከላይ ሆነው። «ገና አልሞትሁም። ድምፄን ሳልሰጥ ብትቀብሩኝ በወዲያኛው ዓለም እከሳችኋለሁ!»

«መምሬ፣ ይህን ሁሉ ክብደት ለአንድ ድምፅ?» አለ ከሸካሚዎቹ አንዱ።

«አንተ ምን አለህ፣ ከባዱ ድምፁ ነው!»

ያ ቃሬዛ የሚስቅ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ደረጄ አሸነፈ። መንደሩ እልል አለ። አያ ይሻውም በማግሥቱ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በጠፍር ለክተው፣ መሐንዲሱ ሲጠይቃቸው እንዳያፍሩ፣ ሃያ ሦስት ክንድ መሆኑን በቃላቸው ያዙ።

የጠየቃቸው አልነበረም። ያን ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት ዘለቀ፤ ልጅ በሚቀበርበት ሰሞን ድልድይ መጠየቅ ነውር ነበርና ሁሉም ዝም አለ። በጋ ሲሆን ግን አያ ይሻው በእግራቸው ደብረ ታቦር ወዳለው የዞን ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። መጀመሪያ «በጥናት ላይ ነው» ተባሉ፤ ቀጥሎ «በጀት አልተለቀቀም» ተባሉ። በሦስተኛው፣ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ መዝገቡን ካገላበጠ በኋላ፣ «አባት፣ የትኛው ድልድይ ነው የሚሉት?» ሲል ጠየቃቸው። ለካስ ስሙም አልተጻፈም።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ደረጄ ስልክ አነሣ።

«አያ ይሻው፣ እኔ እኮ ከብዙ መቶ ሰው መካከል አንድ ድምፅ ነኝ። አገሪቱ ያለችበትን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ነገር ግን እኔ ዋስህ ነኝ።»

«የምን ዋስ?»

 ሰውየው ዋስ መጥራቱን ረስቶታል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልተነሣም።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ የአሰለፈችን ልጅ ሠርካለምን ምጥ ያዛት። ቃሬዛው ከጥቁር ውኃ ዳር አራት ሰዓት ቆመ። ውኃው ሲጎድል ሠርካለም በሕይወት ተሻገረች፤ ሕፃኑ ግን ከዳር ላይ ሞቶ ተወልዶ ነበር።

በመስከረም የማኅበሩ ጉባኤ አሰለፈች ተነሣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«አያ ይሻው፣ ዋስትናዎን እጠይቃለሁ።»

«አሰለፈች፣ ተይ እንጂ!» አለ ባዩ። «ምርጫ እኮ ነው። ለምርጫ ዋስ ተከፍሎ ያውቃል? ሰውየውን እንኳ ያስከፈለው የለም፤ ሽማግሌውን ምን አድርጉ ትያቸዋለሽ?»

ብዙዎች «ልክ ነው፣ ይማሩ» አሉ። ምሕረቱ ቀርቦላቸው ነበር፤ ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

«አትማሩኝ» አሉ አያ ይሻው። «ዋስ ሰውየውን ያቀርባል፤ ማቅረብ ካቃተው ራሱ ይከፍላል። በዚህ ፍርድ ስንቱን ከዚህ ቦታ አስከፍያለሁ። ይሻው ላይ ሲደርስ ፍርዱ ከተለወጠ፣ ከነገ ጀምሮ ቃሬዛ ተሸከሙ ብዬ ማንን አዝዛለሁ?»

«የልጅ ልጄን አይመልስልኝም» አለች አሰለፈች።

«አይመልስም» አሉ።

አያ ይሻው ከጓሯቸው ስድሳ ባሕር ዛፍ ነበራቸው። የቆርቆሮ ቤት ሊሠሩበት አሥራ አንድ ዓመት ያሳደጉት ነው። ለድልድዩ አንድ ሳይቀር ቆረጡት፤ ለሚስማርና ለግንበኛ አንዱን በሬ ሸጡ። ጽጌ ለደቦው ጠላ ጠመቁ፤ ወደ ወንዙ ግን አልወረዱም።

«እሱ ምክር ቤት ገባ፤ እኛ ከዚሁ ከሚያፈስ ጎጆ ልንሞት ነው» አሉ።

አያ ይሻው መጥረቢያቸውን አንሥተው ወጡ።

ከወንዙ መካከል የድንጋይ ምሰሶ ቆመ፤ ግንዱ ተጋደመ። ሥራው ባለቀበት ቀን ከወረዳ ሦስት ሰዎች መጥተው ፎቶግራፍ አነሡ። አንደኛው በደብተሩ ላይ «በመንግሥትና በሕዝብ ትብብር የተሠራ» ብሎ ሲጽፍ አያ ይሻው አጠገቡ ቆመው አነበቡት። አላረሙትም።

አሰለፈች ከሠርካለም ጋር ተሻግራ ተመለሰች። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ «ዋሱ ከፍለዋል፤ ከእርሳቸው የምጠይቀው የለኝም» አለች።

ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. አያ ይሻው ለደረጄ የገቡት የዋስትና ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።