መዝገቡ ሃዋይ ሄዶ ማረፍ ሲያቅተው

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እኔ የሆንኩት ግማሹ ጥፋት የእኔ ስለሆነ ነው። ክፍሉ እባላለሁ። ከመዝገቡ ጋር ኤርፖርት ራምፕ ላይ፣ ማለቴ አውሮፕላኑ ሆድ ሥር፣ ሻንጣ ስንጭንና ስናወርድ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። የምንኖረውም ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ዩለስ፣ አንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱ ላይ፣ እኔ ታች። ስለዚህ እሱ ያልነገረኝን ሚስቱ ነግራኛለች፤ ሚስቱ ያልነገረችኝን አማቱ፤ አማቱ የደበቁትን ደግሞ ልጁ።

መዝገቡ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ የሚንቋቋ በር ከሰማ ቡናው ሳይቀርብ ካቻቢቴ ይጠይቃል። ጠዋት ራምፕ ነው። ከሰዓት መንገደኛ ከፓርኪንግ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ለሚቀይር ሐበሻ ሁሉ ሶፋ ይሸከማል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቬኬሽን፣ የዓመት ዕረፍት፣ ወስዶ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 2008 ሱፐርቫይዘራችን ጠራውና "እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልወሰድካቸው ቀኖችህ ይቃጠላሉ" አለው። እሱ ሊያቃጥላቸው ነበር። ግን ማታ ቤት ገብቶ እንደ ቀልድ ሲያወራው ሚስቱ የሺሐረግ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

"ስንት ቀን ነው ያለህ?"

"ሃያ ምናምን።"

"ሃያ ቀን ደብቀህብኝ ነው የምትኖረው?"

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ማራኪ ከክፍሏ ብቅ አለች። "ባባ፣ ፕሌኑ ለእኛ ፍሪ ነው አይደል? ሶ ሃዋይ እንሂድ። ፕሊስ! ኤቭሪባዲ ሄዷል።"

ፕሌኑ ፍሪ መሆኑ እውነት ነው። የአየር መንገድ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ስታንድባይ ይበራል። ማለትም ከፋዩ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ትገባለህ፤ ካልተረፈ መስታወቱ ጋ ቆመህ አውሮፕላኑን በዓይንህ ትሸኛለህ።

አራተኛዋ ተጓዥ የየሺሐረግ እናት እማማ ዓለምጌጥ ነበሩ። ከደሴ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከመዝገቡ ጋር ብዙም አይነጋገሩም። ጠብ ኖሯቸው አይደለም፤ እሱ ሲገባ እሳቸው ተኝተዋል፣ እሳቸው ሲነሡ እሱ ወጥቷል። "የልጄን ባል የማውቀው በፎቶ ነው" ይሉ ነበር።

የመሄጃው ቀን ሦስት ወንበር ብቻ ተረፈ። መዝገቡ ሴቶቹን አሳፍሮ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ራምፕ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ።

"ክፍሉ፣ ወንበር አግኝቻለሁ። ሻንጣዬን አደራ፣ በእጅህ ጫንልኝ።"

"በየት በኩል ነው የምትሄደው?"

"ኦዋሁ!" አለኝ።

ኦዋሁ ሆኖሉሉ ያለችበት ደሴት ናት። እኔ ግን ሞተሩ እየጮኸ የሰማሁት ኦማሃ ነው፤ ነብራስካ ግዛት ያለችው ከተማ። ሃዋይ እንደሚሄድ እያወቅህ እንዴት? ትሉኝ ይሆናል። ስታንድባይ የሚሄድ ሰው በተገኘው ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ትናንት ቦታ ስላጣ ነብራስካን ዞሮ ሊሄድ ነው አልኩ። ሻንጣው ላይ የታሰረውን የመድረሻ ታግ አላየሁም። ሻንጣውን ፈልጌ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ኦማሃ በሚሄደው ላይ አስቀመጥኩለት። በዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነው ቤት የገባሁት።

መዝገቡ ሆኖሉሉ የደረሰው በሠርጉ ሱፍ ነው፤ ሠራተኛ በነፃ ሲሄድ ደህና ልብስ መልበስ አለበት ስለተባለ። ሻንጣ የሚዞርበት ላስቲክ ፊት ቆሞ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ የሰው ሁሉ ሻንጣ አልፎ ላስቲኩ ባዶውን እስኪዞር ጠበቀ። የጠፋ ሻንጣ ቢሮ ገብቶ ሲያመለክት እዚያ የምትሠራው ልጅ "ሻንጣው ምን ይመስላል?" አለችው።

"ጥቁር ነው" አላት።

ይህን መልስ በሰጠን ስንት መንገደኛ ላይ አብረን ስቀናል!

ሻንጣው ኦማሃ መሄዱ ሲነገረው ሆቴሉ አጠገብ ካለ ሱቅ ቁምጣና አንድ ሸሚዝ ገዛ። ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለበት። እንዳጋጣሚ የሆቴሉ ሠራተኞች የሚለብሱትም ሰማያዊ ላይ ነጭ አበባ ነበር። አበባው ትንሽ ይለያል ይላል እሱ። ከሩቅ ግን አይለይም።

በማግስቱ ቤተሰቡ በሙሉ ባሕሩ ዳር ወረደ። አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ሌሊት የምትሠራው የሺሐረግ ጃንጥላ ሥር እንደተዘረጋች እንቅልፍ ወሰዳት። ማራኪ ውሃ ውስጥ ገባች። እማማ ዓለምጌጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ሆነው ባሕሩን በጥርጣሬ ያዩታል። መዝገቡ ተጋደመ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየና ተነሣ። ወንበሮቹ እንደ ነገሩ መቀመጣቸው ደስ አላለውምና በመስመር አስተካከላቸው፤ የሰውም ጭምር። ይህን ሲያደርግ ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ፈረንጅ "እባክህ ሁለት ፎጣ አምጣልኝ" አሉት።

"ለምን እኔን እንደጠየቁኝ አልገባኝም" አለኝ በኋላ። "ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፎጣው ያለበትንም አውቃለሁ።"

አመጣላቸው። ጎናቸው ያለው ሰውዬ በረዶ ጠየቀው። ሌላው ጃንጥላ ዘርጋልኝ አለው። እስከ ምሳ ሰዓት መዝገቡ ስድስት ጃንጥላ ዘርግቷል፣ አንድ የተሰበረ ወንበር ጠግኗል፣ ማዕበል የወሰደውን የሕፃን ጫማ ከባሕር አውጥቷል። ፊቱ በርቶ ነበር። ማራኪ ከውሃው "ባባ፣ ና እንዋኝ!" ስትለው "መጣሁ፣ ቆይ" ይላታል።

እማማ ዓለምጌጥ ሁሉንም ያያሉ። "የሺ" አሉ፣ "ባልሽ እዚህም ሥራ ያዘ።"

"ተይው እማዬ" አለች የሺሐረግ ዓይኗን ሳትገልጥ።

በሁለተኛው ቀን መዝገቡ ውሃ ሊገዛ በሆቴሉ በር ሲያልፍ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ደረሰ። ሻንጣው ተቆልሏል፤ ሁለት ጎረምሶች ከሥር ከሥር እየጎተቱ ክምሩን ይንዱታል። ያን አይቶ ማለፍ ለኛ ዓይነት ሰው ከባድ ነው። "ኦኬ፣ ወግዱ!" ብሎ ገባበት። ሃምሳ ሁለት ሻንጣ በየፎቁ ለይቶ፣ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጎ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጋሪ ላይ ሰደረው። የሻንጣ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ፊሊፒናዊ፣ ቆመው ሲያዩት ቆዩና መጡ።

"አንተ ጎበዝ ነህ። የማን ሺፍት ነህ?"

"ስድስት መቶ አሥራ አራት" አለ መዝገቡ፣ የክፍል ቁጥር የጠየቁት መስሎት።

"ክፍል ስድስት መቶ አሥራ አራት ሻንጣ አለው?"

"የለውም። ሻንጣው ኦማሃ ነው።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"እኔ ነኛ የማድርበት!"

ሰውዬው ፊታቸው ተለዋወጠ። ማናጀሩ ተጠራ። ማናጀሩ የመዝገቡ ጀርባ ቢሰበር ኖሮ ሆቴሉ ላይ የሚመጣውን ጣጣ እያሰበ፣ እየለመነም እየተቆጣም፣ ከስጦታ ሱቃቸው እንደ ሎሚ ቢጫ የሆነ ካናቴራ አውጥቶ በነፃ አለበሰው። ለሠራተኞቹም "ይህ ሰው ከተነሣ መልሳችሁ አስቀምጡት" የሚል ትእዛዝ ሰጠ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ብድግ ባለ ቁጥር አንድ አስተናጋጅ የአናናስ ጭማቂ ይዞ ይሮጣል፤ "ሰር፣ ፕሊስ፣ ይቀመጡ!" አመሻሽ ላይ ስድስት ብርጭቆ ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቶ ነበር።

የሺሐረግ ይህን የሰማችው ከማናጀሩ ነው።

"ስምንት ሰዓት በረን የመጣነው እንድትሸከም ነው? ዩለስ ሸክም አጥተህ ነው?"

መዝገቡ የቢጫ ካናቴራውን ጫፍ ጎተት አደረገ።

"ልጅህ ና እንዋኝ ብላ ስንቴ ጠራችህ?"

"የሺ፣ ስቀመጥ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም" አላት። የሺሐረግ ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣ አላት።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ዓለምጌጥ ከወንበራቸው ጠሩት።

"መዝገቡ!"

"አቤት እማማ።"

"እስቲ ውሃው ጋ ውሰደኝ። ጉልበቴ አሸዋው ላይ እምቢ ብሎኛል።"

"ወንበርዎን ላቅርብልዎት?"

"ወንበር መች አልኩህ? ሰው ሁሉ ሸክም ታውቅበታለህ ይላል። እዘለኝ!"

አዘላቸው። አስተናጋጁ ቢጫው ካናቴራ መነሣቱን ሲያይ ጭማቂውን ይዞ ከኋላ መሮጥ ጀመረ። መዝገቡ እሱን ዞሮ ሲያይ ማዕበሉን አላየውም። ወገቡን መትቶ ሁለቱንም አሸዋው ላይ አስቀመጣቸው። ነጠላቸው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ተንሳፈፈ፤ አንዱ ጫማቸው ወደ ጃፓን ሄደ። መዝገቡ እጃቸውን ጨብጦ "ሞትኩ! እማማ፣ ደህና ነዎት?" ይላል። እሳቸው አፋቸው የገባውን ውሃ ተፉትና፣

"በስመ አብ! ይህን ሁሉ ጨው ማነው የጨመረበት?" አሉ።

ከዚያ ሳቁ። የሺሐረግ እናቷ እንዲያ ሲስቁ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ አይታ አታውቅም፤ ከእንቅልፏ የነቃችውም በሳቁ ነው። የባሕር ጠባቂው እየሮጠ ደረሰ። "ይሂድልን በይው" አሉ እማማ ለማራኪ። ማራኪ "ሺ ሴድ ታንክ ዩ" ብላ አሰናበተችው።

አልወጡም። እዚያው ጥልቀት የሌለው ቦታ ተቀምጠው፣ ማዕበሉ እንዳይወስዳቸው መዝገቡ ክንዳቸውን ይዞ፣ ማራኪ አጠገባቸው ተጋድማ፣ ወሬ ጀመሩ። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረው የመጀመሪያ ወሬያቸው ነው።

"ለመሆኑ ኤርፖርቱ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሻንጣ ነው የምጭነው እማማ።"

አሮጊቷ የራሰውን ነጠላቸውን ጨመቁ። "ደሴ ላለው ሰው ሁሉ አብራሪ ነው ብያለሁ እኮ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ኤርፖርት ነው የሚሠራው አሉኝ፤ የቀረውን እኔ ጨመርኩበት።" ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው "በል ለማንም እንዳትናገር" አሉት።

የዚያን ቀን ከሰዓት መዝገቡ አሸዋው ላይ አራት ሰዓት ሙሉ እያንኮራፋ ተኛ። አፍንጫው ተላጠ። በአምስተኛው ቀን ሻንጣው ከኦማሃ መጣ፤ ውስጡ ሁለት ሱሪ፣ ሹራብና ካቻቢቴ ነበር። ሳይከፍተው መልሶ አመጣው። ከማራኪ ጋር መዋኘት ሲለማመድ ውሃ ጠጥቷል፣ ግን ተንሳፍፏል፤ ፎቶው አለ። ሲመለሱ ወንበር አጥተው አንድ ቀን ዘገዩ፤ በዚያም ቅር ያለው አልነበረም።

ሸትሉን ጨርሶ አልተወውም። ቅዳሜን ግን ለቀቀ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አማቱን ይዞ ሐይቅ ወዳለባት ከተማ ሮውሌት ይሄዳል፤ ሐይቁ ዳር መኪናውን ፓርክ ያደርግና ክንዳቸውን ይዞ እስከ ጉልበታቸው ያስገባቸዋል። እኔም አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እማማ ዓለምጌጥ ሐይቁ አልተዋጠላቸውም። "ይሄ ውሃ ሰነፍ ነው፤ ሰው አይገፋም" አሉኝ። ሐይቁ ስለማይገፋቸው እሳቸው በሁለት እጃቸው እየመቱ ይገፉታል። አጠገባቸው ዓሣ የሚያጠምዱ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱ ቦታ ቀይረዋል።